የአበጋዝ ሥልጣን ከማን ነው?

በሐምሌ ወር ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ የእንጦጦን ትከሻ የተሻገረ መንገደኛ ቁልቁለቱን ሲጀምር የሱሉልታ ሜዳ ከፊቱ ይዘረጋለታል። በኅዳር ድርቆሽ የሚታጨድበት ያ ሜዳ በክረምት ውሃ አዝሎ ይተኛል። አንድ ክረምት ከመኪና ወርጄ ከአስፋልቱ ወደ ሣሩ ገባሁ። መቶ እርምጃ አልሄድኩም። ጥቁሩ አፈር በየእርምጃው ጫማዬ ላይ እየተደረበ እግሬ የሌላ ሰው እግር እስኪመስለኝ ከበደኝ። ቆሜ ጭቃውን በእንጨት ስፍቅ አንድ እረኛ ልጅ ከብቶቹን እየነዳ በባዶ እግሩ አለፈኝ። እሱ የሚረግጥበትን ያውቃል፤ ሣሩ ከበቀለበት ጉብታ ወደ ሌላው ጉብታ እየተሻገረ ነው የሚሄደው።

የወረድኩት በ1928 ዓ.ም. ክረምት በዚህ ወገን ያለፉትን ሰዎች እያሰብኩ ነበር። ከሰላሌ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ይህ ነው። ሐምሌ 21 ቀን ጣሊያን የያዛትን ከተማ ሊያጠቃ የመጣው የደጃዝማች አበራ ካሣና የወንድማቸው የደጃዝማች አስፋ ወሰን ካሣ ጦር የተነሳው ከሰላሌ ነው። ያን ጭቃ አብዛኛው ሰው በባዶ እግሩ ረግጦታል። ዝናብ፣ ብርድ፣ የሞላ ወንዝ፣ በእጁ ያለው ጥይት ደግሞ የሚቆጠር። ጫማዬን እየፋቅሁ አንድ ጥያቄ መጣብኝ፤ ከዚያ በኋላም አልለቀቀኝም። ያ ሁሉ ሰው «ተነስ» ሲባል የተነሳው በማን ሥልጣን ነው?

ጥያቄው ቀላል የሚመስለው ንጉሥ ባለበት ዘመን ነው። ንጉሥ ይሾማል፣ ነጋሪት ይጎሰማል፣ አበጋዝ ያዝዛል፣ ጭፍራ ይከተላል። በ1928 ክረምት ግን ንጉሠ ነገሥቱ አገር ውስጥ አልነበሩም። ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወጥተዋል፤ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27፣ ጠላት ከተማዋን ይዟል። የሰላሌ ጌታ ራስ ካሣ ኃይሉም ከንጉሡ ጋር ተሰደዋል። ፍቼ ላይ የቀሩት ልጆቻቸው ናቸው። የከተማዋ ዘበኛ አለቃ የነበሩት ባላምባራስ አበበ አረጋይም ከተማው ሲፈርስ ወደ ገጠር ወጥተዋል። ሹመት የሚሰጥ የለም፤ ደመወዝ የሚከፍል የለም፤ ያጠፋ ቢኖር የሚከሰስበት ችሎት የለም። አበጋዝነቱ ግን ነበረ። ሰው ይታዘዝ ነበር። ስለዚህ ሥልጣን ከላይ የሚወርድ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ጦር ሱሉልታ ባልደረሰ ነበር።

ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት አጥብቀው ያሰቡበት ሰዎች የጥንት ቻይናዎች ናቸው። አገራቸው በብዙ መንግሥታት ተከፋፍሎ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲዋጋ፣ የጦር አዛዥነት ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ፤ አዛዡ ከአንዱ ንጉሥ ወደ ሌላው እየሄደ ያገለግል ነበር። የእነዚህን ሰዎች ሕይወት የጻፈልን ከክርስቶስ ልደት በፊት 100 ዓመት ገደማ የኖረው ታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺየን ነው። ከተረካቸው ውስጥ ዓለም አብዝቶ የሚያስታውሰው የሱን ዙን ታሪክ ነው። የዉ መንግሥት ንጉሥ የሱን ዙን ችሎታ ሊፈትን የቤተ መንግሥቱን ሴቶች ሰጥቶ «እነዚህንስ ወታደር ታደርጋቸዋለህ?» ይለዋል። መቶ ሰማንያ ሴቶች ነበሩ። ሱን ዙ ለሁለት ከፍሎ ንጉሡ አብልጦ የሚወዳቸውን ሁለቱን አለቃ አደረጋቸው፤ ከዚያ ከበሮ አስመታ። ሴቶቹ ሳቁ። ትእዛዙን ደግሞ አስረዳ፤ ደግመው ሳቁ። ሁለቱን አለቆች እንዲያርዷቸው አዘዘ። ንጉሡ ከሰገነት ላይ እያየ ደንግጦ «ተዋቸው» ብሎ ላከበት፤ ሱን ዙ ግን አንዴ ከተሾመ በኋላ በሰፈር ውስጥ የማይቀበለው የንጉሥ ቃል እንዳለ መልሶ ሁለቱን አስገደለ። የቀሩት ሴቶች ከዚያ በኋላ ግራ ሲባሉ ግራ፣ ቀኝ ሲባሉ ቀኝ ዞሩ።

ይህን ታሪክ ስለ አመራር የሚያስተምሩ ሰዎች በአድናቆት ሲያወሩት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እኔ አላደንቀውም። ታሪኩ ስለ ሥልጣን እውነት ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ግማሹን ነው። ሱን ዙ ሥልጣኑን ከንጉሡ ተቀበለ፤ በተቀበለው ሥልጣን ንጉሡን ራሱን እምቢ አለ። እስከዚህ ድረስ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በጦር ሜዳ ያለ ሰው ቤተ መንግሥት የማይታየው ይታየዋልና። ነገር ግን ሁለቱ ሴቶች ወታደር እንሁን አላሉም። ደም ያፈሰሱት ለአገር አይደለም፤ ለሁለት ወንዶች ውርርድ ነው። የቀሩትም የታዘዙት ስላመኑት አይደለም። በአደባባይ በሰይፍ የተገኘ መታዘዝ ሰይፉ እስከሚታይበት ድረስ ብቻ የሚቆይ ነው። እነዚያን ሴቶች በእንጦጦ ጨለማ፣ በዝናብ፣ አዛዣቸው ከማይታያቸው ቦታ ላይ አስቀምጣቸው፤ ከበሮውን ሰምተው ይዞራሉ? አይመስለኝም።

ሲማ ቺየን ራሱ ሌላውን ግማሽ ጽፎታል። ያነሰ ይወራለታል እንጂ እኔ ዘንድ ከሰይፉ ታሪክ የሚበልጡት የሁለት እናቶች ታሪኮች ናቸው።

የመጀመሪያዋ የአንድ ተራ ወታደር እናት ናት። ልጇ ያገለግል የነበረው ዉ ቺ በሚባል አበጋዝ ሥር ነው። ዉ ቺ ከወታደሮቹ እኩል ይበላል፣ ከእነሱ እኩል ይለብሳል፣ ሲተኛ ምንጣፍ አያስነጥፍም፣ ሲዘምት ስንቁን ራሱ ይሸከማል። ከዕለታት አንድ ቀን የዚያች ሴት ልጅ እባጭ ወጣበት፤ አበጋዙ ራሱ ጎንበስ ብሎ መግሉን በአፉ መጦለት አዳነው። እናቲቱ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። «ልጅሽ ተራ ወታደር ሆኖ ሳለ አበጋዙ ይህን ሲያደርግለት ምን ያስለቅስሻል?» አሏት። መልሷ የአባቱም ነገር እንዲሁ እንደነበረ ነው። የአባቱንም ቁስል ይኸው ሰው መጦለት ነበር፤ ባልዋ ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ሳያይ ተዋግቶ ሞተ። አሁን ደግሞ ልጇ የት እንደሚሞት አላወቀችም፤ እንደሚሞት ግን አውቃለች።

ሁለተኛዋ የሹም ሚስት፣ የሹም እናት ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ260 ዓመት የጃኦ መንግሥት ከቺን መንግሥት ጋር ቻንግፒንግ ላይ ተፋጠጠ። የጃኦ አዛዥ ሊያን ፖ የተባለ ሽማግሌ ነበር፤ ምሽግ ይዞ፣ አልወጣም ብሎ፣ ጠላትን በትዕግሥት አደከመው። ቺኖች ወሬ ነዙ፤ «እኛ የምንፈራው ሽማግሌውን ሳይሆን ወጣቱን ጃኦ ኩኦን ነው» አሉ። ንጉሡ ወሬውን አምኖ ሽማግሌውን ሽሮ ወጣቱን ሾመ። ጃኦ ኩኦ የጦር መጻሕፍትን ከልጅነቱ ጀምሮ ያጠና፣ ተከራክሮ የሚረታው ያልነበረ ሰው ነው። ይሁን እንጂ እናቱ ንጉሡ ዘንድ ቀርባ ልጄን አትሹመው አለች። ምክንያቷ አንድ ነበር። ባልዋ አዛዥ ሳለ ከንጉሡ የተሰጠውን ሁሉ ለሰዎቹ ያከፋፍል ነበር፤ በእጁ የሚያጎርሳቸው ብዙዎች ነበሩ። ልጇ ግን በተሾመ ማግስት ሰዎቹ ቀና ብለው የማያዩት ሆነ፤ የተሰጠውን ወርቅ ቤቱ ወስዶ ርካሽ መሬትና ቤት ሲያፈላልግ ዋለ። ንጉሡ አልሰማትም። ጃኦ ኩኦ ምሽጉን ትቶ ወጣ፣ ተከበበ፣ ሞተ። ድል አድራጊው የቺን አበጋዝ ባይ ቺ እጃቸውን የሰጡትን ወታደሮች ከጥቂቶች በቀር አስፈጀ። ሲማ ቺየን የሞቱትን 400,000 ያደርሳቸዋል። ቁጥሩን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ፤ እልቂቱን ግን አይጠራጠሩም።

እነዚህን ሁለት እናቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ነገሩ ይጠልቅብኛል። የጃኦ ኩኦ እናት የምትለው ግልጽ ነው፤ አበጋዝ የሚከበረው ለሰዎቹ ባለው ልብ ነው፣ የንጉሥ ሹመት ብቻውን ባዶ ነው። እሺ፣ ተቀበልን። የወታደሩ እናት ግን ከዚያ አልፋ ትጠይቀናለች። ልቡን ለሰዎቹ የሰጠ አበጋዝ በምትኩ ምን ይወስዳል? ሕይወታቸውን። ደግሞ ይኸው ዉ ቺ፣ ሲማ ቺየን እንደሚተርከው፣ የጠላት አገር ሴት አግብቷል ተብሎ እንዳይጠረጠር ሹመት ለማግኘት ሲል ሚስቱን የገደለ ሰው ነው። መግል የመጠጠው አፍና ሚስቱን የገደለው እጅ የአንድ ሰው ናቸው። እንግዲህ ቁስል መምጠጡ ፍቅር ነው ወይስ ግዢ? ወታደሩ ይህን መለየት አይችልም፤ ለእሱ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሰማሉ። የለየችው እናቱ ናት።

የአገራችን ሰው ጌታና ሎሌ የሚተሳሰሩበትን ገመድ ያውቀዋል። ጌታ ግብር ያበላል፣ ያለብሳል፣ ያስታጥቃል፤ ሎሌ ይዘምታል። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች ይባላል። ይህ ገመድ ምን ያህል ጠንካራ፣ ምን ያህልም የላላ እንደሆነ የደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ሕይወት ያሳያል። ባልቻ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው፣ ምኒልክ ቤት አድገው፣ አድዋ ላይ በመድፈኝነታቸው ስም ያተረፉ አበጋዝ ናቸው። በ1920 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ ሲጠሯቸው ከሲዳሞ ብዙ ሺህ ሰው አስከትለው መጡና ከከተማው ወጣ ብለው ንፋስ ስልክ ሰፈሩ። ግብር ተጠሩ፤ ከጭፍራቸው ጥቂቱን ብቻ ይዘው ገቡ። እሳቸው ማዕድ ላይ ሳሉ የአልጋ ወራሹ ሰዎች ሰፈሩ ድረስ ሄደው ወታደሩን በብርና በተስፋ በተኑት። ባልቻ ሲመለሱ ጦር አልጠበቃቸውም። አንዲት ጥይት ሳይተኮስ አንድ ታላቅ አበጋዝ ባዶ እጁን ቀረ።

ከዚህ ምን እንረዳ? ወታደሩ ወላዋይ ነበር ማለት ይቀላል፤ እኔ ግን አልፈርድበትም። ያ ሰው ከቤቱ የወጣው ጌታው ስለጠራው እንጂ ምን ሊደረግ እንደሆነ ተነግሮት አይደለም። ባልቻ ለምን እንደመጡ ያውቁ ነበር፤ ወታደሩ አያውቅም። ቀለብን የሚተካ ብር ሲመጣ ከቀለብ ሌላ የሚይዘው ነገር አልነበረውም። እኚሁ ባልቻ ከስምንት ዓመት በኋላ በእርጅናቸው፣ ሹመታቸውን አጥተው፣ ጠላትን ለመውጋት ዳግመኛ ሲነሱ የተከተላቸው ሰው ነበር። ጥቂት ቢሆንም ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። በ1929 ዓ.ም. ጠላት ሲከባቸው እጅ አልሰጥም ብለው ተዋግተው ሞቱ። በ1920 ሺዎች፣ በ1929 ጥቂቶች፤ አበጋዝነታቸው ግን በየትኛው ጊዜ ነው የጸናው? እኔ ሁለተኛውን እላለሁ።

ወደ ሱሉልታ ልመለስ። የሐምሌው ውጊያ አልተሳካም። ውጥኑ ከተማዋን በተለያየ አቅጣጫ በአንድ ቀን ማጥቃት ነበር፤ በአንድ ወገን የካሣ ልጆችና አበበ አረጋይ፣ በሌላ ወገን እንደ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም ያሉ አበጋዞች። መገናኛ ራዲዮ የላቸውም፤ መልእክት የሚያደርሰው እግረኛ ነው፤ እግረኛውን ደግሞ የክረምት ወንዝ ያግደዋል። አንዱ ሲደርስ ሌላው አልደረሰም፤ አንዱ ሲመለስ ሌላው መጣ። ከሰላሌው ጦር ጋር የመጡት አቡነ ጴጥሮስ በጠላት እጅ ገቡና ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ ተረሸኑ። የተረፈው ሰው ያንኑ ጭቃ እየረገጠ ወደመጣበት ተመለሰ።

የአበራ ካሣና የአበበ አረጋይ መንገድ የተለያየው ከዚያ በኋላ ነው። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል ትራኪያ ጦር ፍቼ ደረሰ። ለአበራ አማላጅ ተላከ፤ ሕይወትዎ አይነካም ተባሉ። አመኑ፤ ከወንድማቸው ጋር እጃቸውን ሰጡ። ታኅሣሥ 12 ቀን ሁለቱም ተገደሉ። ከእነሱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ሌላው ወንድማቸው ወንድወሰን ካሣ በላስታ ወገን ተይዘው ተገድለው ነበር። አንድ አባት ሦስት ልጆችን በአንድ ወር ውስጥ አጣ።

አበራን ፈሪ የሚል ሰው ሐምሌ 21ን ረስቷል። እኔ ስህተታቸው የፍርሃት አይመስለኝም፤ ያደጉበት ዓለም ስህተት ነው። በዚያ ዓለም ጌታ ለጌታ የሰጠው ቃል ዋጋ አለው፤ መሐላ ማፍረስ ውርደት ነው፤ የተማረከ መኮንን ታስሮ ይቀመጣል፣ ይታረቃል፣ አንዳንዴም ይሾማል። የሸዋ መሳፍንት ታሪክ በዚህ የተሞላ ነው። አበራ ይህንን ሕግ ለማያውቅ ጠላት ይህንን ሕግ አበደሩት። ቻንግፒንግ ላይ እጃቸውን የሰጡት ወታደሮችም ያደረጉት ይኸው ነበር።

አበበ አረጋይ የፍቼውን አይተዋል። እሳቸው በጅሩ፣ በመንዝ፣ በቡልጋ ተራሮች አምስት ዓመት ቆዩ። ጠላት እሳቸውንም በእርቅ ሊይዝ ሞክሯል፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጋር ረጅም ድርድር ነበር። ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ሽማግሌ ይቀበላሉ፣ ቀን ይቀጥራሉ፣ ቀኑ ያልፋል። ቃል ሰጡ እንጂ አካላቸውን አልሰጡም። በዚህ መሐል ሰዎቻቸው እህል ያገኛሉ፣ ቁስለኛው ይድናል፣ ክረምቱ ይወጣል።

ይህ ውሸት አይደለም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል፤ መልስ ይገባዋል። ሱን ዙ ጦርነት በማታለል ላይ እንደቆመ ያስተምራል፤ ይህን ግን እንደ ዘዴ ነው የሚናገረው። ዘዴነቱ አይበቃኝም። እኔ የምመዝነው ሌላ ሚዛን ላይ ነው። ቃል ሁለት ሰዎች አብረው የሚይዙት ነገር ነው፤ አንዱ ሲለቀው ሌላው ብቻውን ሊይዘው አይችልም። ጠላት ያንን ቃል ፍቼ ላይ ለቆታል። አበበ ለጠላት ያላቸው ግዴታ ያን ዕለት አብቅቷል፤ ለሰዎቻቸው ያላቸው ግን አላበቃም። ከሁለቱ ቃሎች አንዱን ማፍረስ ግድ ከሆነ፣ የሚፈርሰው ያልተያዘው ነው።

ደግሞ ማስተዋል ያለብን ነገር አለ። ሥልጣን ከተከታዩ ብቻ ቢመነጭ ኖሮ አርበኞቹ ንጉሥ ባላስፈለጋቸው ነበር። ነገር ግን የሸዋ አርበኞች ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ሳሉ የልጅ ኢያሱን ልጅ መልአከ ፀሐይን አንግሠው ነበር፤ አበበ አረጋይም በዚህ ነበሩበት። ልጁ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ይህን ታሪክ እንደ ክህደት የሚያዩት አሉ። እኔ ግን የማየው የሥልጣንን ባሕርይ ነው። ሰው በራሱ ፈቃድ ሲከተል እንኳ «የምከተለው ሰው የሚያዝዘኝ ለራሱ አይደለም» የሚያሰኘው ምልክት ይፈልጋል። አልጋ ያለው ቤት የማን እንደሆነ ይታወቃል። አልጋ የሌለው አበጋዝ ግን ነገ ሽፍታ ሊሆን ይችላል፤ ሽፍታና አርበኛ የሚበሉት ከአንድ ባላገር ጎተራ ነውና።

ባላገሩ! እስካሁን ንጉሥን፣ አበጋዝንና ወታደርን አነሳሁ እንጂ እሱን ረሳሁት። ይህ መርሳት የእኔ ብቻ አይደለም፤ ስለ ጦር የጻፉ ሁሉ ይረሱታል። ሱሉልታ፣ ሰበታና ቡራዩ ዛሬ የአዲስ አበባ ቀለበት ናቸው፤ ዱሮ ግን ወደ ከተማይቱ የሚመጣና ከከተማይቱ የሚወጣ ብዙ ጦር የሚያልፍባቸው የቱለማ ኦሮሞ ገበሬ ማሳዎች ነበሩ። አበበ አረጋይ በእናታቸው በኩል የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ናቸው። ጎበና የምኒልክ ታላቅ አበጋዝ ነበሩ፤ ራሳቸው የሸዋ ኦሮሞ ሆነው የብዙ ኦሮሞን አገር ለምኒልክ አስገብረዋል። ስማቸው ሲነሳ አንዱ አገር የሠራ ጀግና ይላል፤ ሌላው የወገኑን ነጻነት ያስወሰደ ሰው ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ሥራ ነው። እኔ ይህን ክርክር እዚህ ልፈታው አልችልም፤ የሚያስተምረኝን ግን መካድ አልችልም። አበጋዝን ንጉሡ ሲሾመው፣ ወታደሩ ሲወደው እንኳ ነገሩ አላለቀም። ጦሩ የረገጠው ማሳ ባለቤትም ቃል አለው፤ ያ ቃል ጦሩ ካለፈ ከመቶ ዓመት በኋላም ይሰማል።

በአምስቱ ዓመት የሸዋ አርበኛ የቆመው በዚህ ሦስተኛ ሰው ትከሻ ነው። ቆሎና በሶ የሚያቀብለው፣ ጠላት የት እንደደረሰ የሚነግረው፣ ቁስለኛ የሚደብቀው፣ በዚህም ቤቱ የሚቃጠልበት ባላገር ነው። በከተማ ያሉት የውስጥ አርበኞች ደግሞ ጥይትና መድኃኒት ይልኩ ነበር፤ ከእነሱ አንዷ ሸዋረገድ ገድሌ በዚህ ሥራቸው ተይዘው እስከ ጣሊያን አገር ድረስ ታስረዋል። አበጋዙ ያለ ንጉሥ አምስት ዓመት ኖሯል። ያለ እነዚህ ግን አንድ ክረምት አይወጣም ነበር። ስለዚህ ለራሴ ጥያቄ የደረስኩበት መልስ ይኸው ነው፦ ሹመት ከንጉሥ ነው፤ ሥልጣን ግን የሚበደረው በነገሩ ከሚሞቱትና ከሚያጡት ነው። ብድር ስለሆነ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ ተቆጣጣሪዋም ያቺ ከሩቅ ሆና ያለቀሰች እናት ናት።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ጠላት ከተማዋን በያዘ በአምስተኛው ዓመት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ማርቆስ በመጡበት በዚሁ የጎጃም መንገድ ሱሉልታን አልፈው በእንጦጦ በኩል አዲስ አበባ ገቡ። አበበ አረጋይ አርበኞቻቸውን ይዘው ተቀበሏቸው። በዚያች ቀን ባለ ጦሩ ማን ነበር፣ ባለ ዘውዱስ ማን? ጦሩ የአበበ ነበር፤ ዘውዱን ግን መለሱ። ብድሩን ከፈሉ ብዬ የማምነው ያኔ ነው። ከዚያ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ግን የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ተባባሪዎቻቸው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ካገቷቸው ሹማምንት መካከል ተረሸኑ። አብረዋቸው ከወደቁት አንዱ ቀድሞ ክብር ዘበኛን የመሩት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ናቸው። ገዳዩ በንጉሥ የተሾመ አበጋዝ፣ ሟቾቹም በንጉሥ የተሾሙ አበጋዞች፤ ወታደሩ በሁለቱም ወገን የሚዋጋው ለምን እንደሆነ በቅጡ ሳይነገረው። የንፋስ ስልክ ሰፈር በ33 ዓመቱ ተመልሶ መጣ፤ ልዩነቱ አሁን ደም መፍሰሱ ነው።

የቻንግፒንጉ ባይ ቺም የሞተው በገዛ ንጉሡ ሰይፍ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የማያዋጣ ጦርነት አልመራም አለ፤ ንጉሡ ሰይፍ ላከለትና ራሱን እንዲገድል አዘዘው። ሲማ ቺየን እንደሚተርከው ባይ ቺ መጀመሪያ ምን በድዬ ነው ብሎ ጠየቀ፤ ቆይቶ እጃቸውን የሰጡትን እነዚያን ሰዎች አስታወሰ፤ ለሞት የሚያበቃ በደል እንዳለው ራሱ ፈረደ። በመጨረሻዋ ሰዓት የቆጠረው ያገኛቸውን ድሎች አልነበረም።

በዚህ ሐተታ የአበጋዞች ስም ሞልቷል። የቁስለኛው ወታደር እናት ግን ስም የላትም፤ ሲማ ቺየን አልጻፈውም። በሐምሌ 21 የሱሉልታን ጭቃ የረገጡት የአብዛኞቹ ስምም እንዲሁ በየቤቱ ቀርቷል። አንዳንዱ ቤት አሁንም ያውቀዋል፤ አያት ለልጅ ልጅ ነግሯል፣ ጋሻ ወይም የዝናር ቁራጭ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በሱሉልታ፣ በጫንጮ፣ በሙከጡሪ፣ በፍቼ ያላችሁ፣ ሽማግሌ በቤታችሁ ካለ ዘንድሮ ጠይቁት። ማን ሄደ፣ ማን ተመለሰ፣ ማን እህል ሰጠ፣ የማን ቤት ተቃጠለ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ጻፉት፣ የእናቲቱንም ስም ጭምር።